ራስ ዳሸን ጫፍ ያልደረስንበት ቀን

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን የመዝናኛ ክበባችን ቴሌቪዥን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሻያችንን ይዘን እንደ ተቀመጥን፣ አንድ ሰው ሁለት እግሮቹን በአንድ ሳንቃ ላይ ጠፍሮ በረዶ ከለበሰ ተራራ አናት ቁልቁል ሲምዘገዘግ አሳዩን። ክበቡ በሳቅና በጩኸት ተናወጠ። «እናት የለውም እንዴ ይኼ ሰውዬ?» ያለ ነበረ፤ «ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» ያለም ነበረ። እኛ ሦስታችን የመካነ ብርሃን ልጆች ግን ተያየንና ዝም አልን። ዝምታችንን ያስተዋሉ አንድ አሠልጣኛችን፣ «እናንተ የስሜን ልጆች፣ አገራችሁ በረዶ አለ ይባላል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። «ሳንቃውን አላየንም፤ የዚህን ሥራ ሰው ግን እናውቃለን» ብለን መለስን። ሳቁ ወደ እኛ ዞረ። የጋዜጣችን አዘጋጅም ከወዲያ ጥግ ሆኖ «እንግዲያው ጻፉታ!» አለን። እነሆ ጻፍነው። ሦስት ሆነን በመጻፋችን አንዳንድ ቦታ ሐሳቡ ቢሻኮት ይቅርታ እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ስለ በረዶው። በእኛ አገር ሰው «በረዶ» ሲል ብዙውን ጊዜ ክረምት ላይ ጣራ የሚደበድበውን ጠጠሩን ማለቱ ነው። ሌሊት ሣሩን አድርቆ የሚያድረው ውርጭ ይባላል። እንደ ተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደው አመዳይ ደግሞ በቧሂትና በራስ ዳሸን አናት አልፎ አልፎ ይታያል፤ ብዙም አይቆይ፣ ፀሐይ ስትበረታ ይሄዳል። ወሬው ግን ጥንታዊ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል የስሜንን ሰዎች ይጠቅሳል፤ አገራቸው ለመውጣት የሚያስቸግር ተራራ እንደሆነ፣ ብርድና ውርጭ እንደማይለየው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል። እስከ ጉልበት የሚለውን እኛ አላየንም። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በበኩሉ በስሜን በረዶ አይታይም ብሎ ጻፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን አይተናል ብለው አፈረሱበት። ያም ሆነ ይህ፣ ለሳንቃ መንሸራተቻ የሚበቃ የለንም። ከኢትዮጵያ ልጆች በበረዶ ላይ ስሙን ያስጠራው ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በጣልያን ቱሪን በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እሱም ቢሆን ስፖርቱን የተማረው አሜሪካ እንጂ ጃናሞራ አይደለም።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ጊዜው መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። በመስቀል ማግሥት አንድ ስልክ ተደወለ። የደወሉት የሠፈራችን ሰው የሆኑ፣ ደባርቅ ላይ ፈቃድ ይዘው ፈረንጅ የሚመሩ አስጎብኚ ናቸው። አገሩ ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው፤ እኛም በዚሁ እንጥራቸው፤ ስማቸውን ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው እንደማይወዱ እናውቃለን። ከበቅሎ ነጂዎቻቸው አንዱ ታሞባቸው ኖሮ «ሁለት በቅሎ ይዛችሁ ጭሮ ሌባ ላይ ጠብቁኝ» አሉን። ለሁለት በቅሎ ሁለት ሰው ይበቃ ነበር። እኛ ግን ሦስት ሆነን ሄድን፤ ሁለት ሄደን አንዳችን ብንቀር ዕድሜ ልካችንን እንደማንታረቅ እናውቀው ነበራ።

ስሜንን ላላየ አንባቢ ሥራው እንዲህ ነው። ጉዞው ከደባርቅ ይነሣል። በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ እያደረ የቧሂትን ጀርባ ይሻገርና ወደ ጭሮ ሌባ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል፣ ከመሸሃ እስከ አምቢቆ ሽቅብ፤ ከአምቢቆ ደግሞ በሌሊት ተነሥቶ ራስ ዳሸን። አስጎብኚው አፍም ዓይንም ነው፤ መንገዱን ይመራል፣ እንግዳውንና አገሬውን ያነጋግራል። ስካውት የሚባለው ጠብመንጃ ይዞ የሚጠብቅ ያገሩ ሰው ነው። ወጥ ሠሪ አለ። በቅሎ ነጂ አለ፤ እሱ ከሁሉም ኋላ ተነሥቶ ከሁሉም ፊት መድረስ አለበት፤ እንግዳው ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ሻዩ ፈልቶ መገኘት ይኖርበታልና። ደባርቅ ላይ መሪውም በቅሎ ነጂውም የሚሠራው በተራ ነው፤ ስሙ ተመዝግቦ ተራው ሲደርስ ይጠራል። ይህን «ተራ» የሚለውን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ያ ዓመት የተስፋ ዓመት ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር ሰፍሮ፣ በ1996 ደግሞ አደጋ ያንዣበበባቸው ከሚባሉት ዝርዝር ገብቶ፣ በ2017 ነው ከዚያ ዝርዝር የወጣው። እንግዳ ይጎርፋል ተብሎ ብዙ ሰው በቅሎ ገዝቶ ነበር። ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው ሌላ ቀን እንጽፋለን፤ ዛሬ ነገራችን ከሰው ነው።

ጭሮ ሌባ ላይ አምስት እንግዶች ይዘው መጡ። አያ ያኔ ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። አረማመዳቸውን ያየ ይስቃል፤ ቀብር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ይላሉ። «ስሎውሊ፣ ስሎውሊ» እያሉ ከፊት ሲመሩ ይቆዩና ድንገት መንገድ ዳር ቆመው እንግዶቹን አንድ በአንድ ያሳልፏቸዋል። ያን ጊዜ ፊት አያዩም፤ እግር ነው የሚያዩት። እኛ ዓይን አፋር ስለሆኑ ይመስለን ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አያ እንግዶቹን ሥራቸውን ጠየቋቸው። አንዱ ነጋዴ ነው፤ የጉዞውን ገንዘብ የከፈለው እሱ መሆኑ ካነጋገሩ ያስታውቃል። ከአልፕስ ተራሮች ሥር የመጣው ረጅሙ ሰው ግን «ስኖውቦርድ ጋይድ ነኝ» አለ። አያ ግራ ገባቸውና ወደ እኛ ዞሩ። እኛ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰን የለ! ብላክቦርድ ማለት ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ስኖው ማለት በረዶ ነው፤ እንግዲያው ይህ ሰው በነጭ ሰሌዳ የሚያስተምር መምህር ነው ብለን አስረዳናቸው። አያም ወጥ ሠሪውን «መምህር ነው አሉ፤ ደህና አድርገህ አብላው» አሉት። ሰውዬው ነገሩ ሲገባው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ከምድጃው ከሰል አነሣና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሣለልን፤ ማስተማሩ አልቀረለትም።

ሳንቃውን ያወቅነው ከዚያ ሥዕል ነው። ቁመቱ የሰው አገጭ ይደርሳል፤ ሁለቱ እግሮች ከላዩ ላይ ይታሠራሉ፤ ሰውዬው በጎኑ ቆሞ ይንሸራተታል። ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ አባት ለሴቶች ልጆቹ መጫወቻ ሁለት የበረዶ መንሸራተቻዎች ጎን ለጎን ባሠረላቸው ጊዜ ነው፤ በ1998 ናጋኖ ላይ ለኦሊምፒክ በቃ። የዚህ ሰው ሥራ ታዲያ ሰው ያልረገጠው በረዶ ወዳለበት ሩቅ ተራራ እንግዶች እየወሰደ በደህና ማውረድ ነው። ጠላቱ የበረዶ ናዳ ነው። ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ እንደሆነ በጣም ይፈራል። ጉድጓድ ይቆፍርና የበረዶውን ድርብርብ በጣቱ እየነካ ይመረምራል፤ አዲሱ በረዶ በአሮጌው ላይ ካልያዘ አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው ደረቱ ላይ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ያስራል፤ ጀርባው ላይ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ይይዛል። ናዳ የዋጠው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ተቆፍሮ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ተስፋው ይመነምናል።

አያ ይህን ሁሉ ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት። «ሰው የሚከፍልህ ለመውጣት ነው ለመውረድ?»

«ለመውረድ ነዋ!»

«እኛ ዘንድ ሰው የሚከፍለው ለመውጣት ነው» አሉ አያ፣ «ማውረዱን በነፃ ነው የምንሠራው።» ሁለቱ መሪዎች ተሳሳቁ። ነጋዴው ግን አልሳቀም።

በማግሥቱ መሸሃን ተሻግረን አምቢቆ ገባን። መንገዱ ከወንዙ በኋላ ሽቅብ ብቻ ነው፤ እንግዶቹ ዝም ብለው ነበር የሚወጡት። ከመካከላቸው ታናሿ፣ ቀይ ኮፍያ የምታደርግ ልጅ ነበረች። ጭሮ ሌባ ላይ እስክሪብቶ ሰጥታን፣ የበቅሎዎቻችንን ስም ጠይቃ፣ ስታስቀን ነበር። አምቢቆ ስንደርስ እራት አልበላችም። ደክሟት ነው አልን። አያ ማታ መጡና «ነገ ግራጫዋን በቅሎ ሳትጭኑ፣ ኮርቻዋን ብቻ አድርጋችሁ ተከተሉኝ» አሉን። ባዶ በቅሎ ራስ ዳሸን ምን ትሠራለች? አልጠየቅንም፤ ታላቅን «ለምን» ማለት አልለመድንም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣን። እንግዶቹ ግንባራቸው ላይ መብራት አሥረዋል፤ እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን በኮንጎ ጫማ በጨረቃ እንሄዳለን። ብርዱን አንባቢ ይገምተው። ሊነጋጋ ሲል አረፍን፤ በሶ በጠበጥን። እዚያ ላይ አያ አንድ የሚያስቅ ነገር አደረጉ። በዱላቸው መሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መሥመር አሠመሩና እንግዶቹን «ዳሸን የሚወጣ ሰው በዚህ ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መሄድ አለበት፤ ያገራችን ወግ ነው» አሏቸው። እንዲህ ያለ ወግ ሰምተን አናውቅም። ፈረንጅን ለማጫወት የፈጠሩት መስሎን እርስ በርሳችን ተጠቃቀስን። አራቱ እየሳቁ አለፉ። ቀይ ኮፍያዋ ሁለቴ ከመሥመሩ ወጣች፤ እሷም ሳቀች። ሳንቃው ሰውዬ ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ ከልጅቷ ኋላ ነበር የሚሄደው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጅብራው የቆመበት ዳገት ደረስን። ጅብራ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ከዚያ ይሞታል፤ ያበበው ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላል። የራስ ዳሸን ቋጥኝ ፊታችን ነው። የቀረው ሽቅብ ከ200 ሜትር አይበልጥም። (ተማሪ ቤት የሸመደድነው 4,620 ሜትር የሚለው ቁመት አሮጌ ልክ ነው፤ የኋለኞቹ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ ያደርጉታል። ልጆች የምናስተምር ሰዎች ይህን ብናርም ጥሩ ነው። ጫፉስ የቱ ነው የሚለው ክርክር ደግሞ አላለቀም፤ አንዱ ላይ የወጣ እንግዳ ወዲያ ያለው ከፍ ብሎ ስለሚታየው አታለሉኝ ይላል።)

ከተከዜ ቆላ በኩል ስስ ደመና ወደ ላይ ይሳብ ነበር። አያ ቆሙ። ደመናውን ረጅም ጊዜ አዩት። «እንመለሳለን» አሉ።

ነጋዴው የሰማውን አላመነም። «እዚህ ድረስ መጥተን? ለዚህች ደመና?» አለ። አያ «መብረቅ ይመጣል፤ ቋጥኙም ሲረጥብ ያንሸራትታል» አሉ። ሰውዬው ቁጣው ነደደ። የከፈለውን ገንዘብ ቆጠረ፤ የመጣበትን ባሕር ቆጠረ። በመጨረሻ ወደ ሳንቃው ሰውዬ ዞረና «አንተም መሪ ነህ፤ ምን ትላለህ? ይኼ ደመና ያስመልሳል?» አለው። ሳንቃው ሰውዬ ደመናውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «እዚህ አገር መሪው እሳቸው ናቸው» ብሎ የራሱን ቦርሳ አነሣ፤ የልጅቷንም ደርቦ ተሸከመ።

ቀጥሎ አያ ያደረጉት ነገር ደግሞ እኛን አስቀየመን። ወደ ቀይ ኮፍያዋ ቀረብ አሉና፣ «ይህች በቅሎ ቁልቁለት ላይ ሰው ካልተቀመጠባት ትለግማለች፤ እባክሽን እስከ ሜዳው ተቀመጪልኝ» አሏት። ግራጫዋ በቅሎ! እንደሷ ያለ ጨዋ በቅሎ በጃናሞራ የለም። የኛን በቅሎ በሐሰት ስሟን አጠፉ፤ ለፈረንጅ ለመሽቆጥቆጥ ነው ብለን አኮረፍን።

ወረድን። እንዲህም ሆነ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ደመናው ተገፈፈ። መብረቅ የለ፣ ዝናብ የለ። ራስ ዳሸን እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ቆመ። ነጋዴው ቆም አለና በጣቱ ወደ ላይ አሳየ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ያ ከስድብ ሁሉ ይከፋ ነበር። እንግዲህ የምናገኘው ጉርሻ እንደ ደመናው በኖ መጥፋቱ ገባን። በዚያ ገንዘብ ቆዳ ጫማ ልንገዛ ተማምለን ነበር። ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ ሁላችንም በልባችን ያልነውን ነው ያለው) አያ ዘንድ ሄዶ «ደመና ፈራህ!» አላቸው። «አንቱ» የምንላቸውን ሰው፣ አባቶቻችን ተነሥተው የሚቀበሏቸውን ሰው፣ «ፈራህ» አልናቸው። አያ ልጓሙን ሲያስተካክሉ ነበር። ማስተካከላቸውን ቀጠሉ።

ያን ዕለት ማታ አምቢቆ ላይ እሳቱ ዳር የተቀመጥነው እኛ፣ አያና ሳንቃው ሰውዬ ብቻ ነን። ሌሎቹ በጊዜ ድንኳናቸው ገቡ። ሰውዬው አንድ ታሪክ አወራ፤ አያ ተረጎሙልን፤ ሲተረጉሙ አሳጥረው ነው። ኋላ ራሳችን አንብበን በሙሉ ያወቅነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1820 ሐመል የተባለ ሐኪም የአልፕስን ታላቁን ተራራ ሞንብላንን ለመውጣት የሻሞኒ መሪዎችን ቀጥሮ ተነሣ። አየሩ ከፋ። መሪዎቹ መመለስ ፈለጉ፤ ሐኪሙ ግን እንውጣ አለ፤ ወጡ። የበረዶ ናዳ ወረደና ሦስት መሪዎችን ወደ በረዶው ስንጥቅ ከተታቸው። ሐኪሙ ተረፈ። አስከሬናቸውን በረዶው ቀስ በቀስ እየሄደ ታች ያወጣው በ1861 ነው፤ ከ41 ዓመት በኋላ። በአደጋው ማግሥት፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ እንግዳም በተራ ይቀበሉ ጀመር። ልብ በሉልን፤ እንደ ደባርቅ ሰው በተራ!

ሳንቃው ሰውዬ ሌላም ነገር ተናገረ። «እንግዳ ስመልስ ናዳው አይወርድም፤ እንግዳውም ናዳው ስላልወረደ ይቆጣኛል» አለ። ሥራው ከጀመረ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ነገረን። አያ ይህን ሲተረጉሙ ፈገግ አሉ እንጂ ከራሳቸው አንድ ቃል አልጨመሩበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ነጋዴው ጉርሻ አልሰጠም። ይባስ ብሎ ጉዞውን ላዘጋጀለት ድርጅት «መሪው ፈሪ ነው፤ በሐሰት ሰበብ መለሰን» ሲል ክስ ጻፈ። ድርጅቱም እኒህን ሰው አልፈልግም አለ፤ ወሬው ተዛመተና አያ እስከ ገና ድረስ ተራቸው እየደረሰ ይታለፉ ጀመር። የወቅቱ ደህናው ወር ሁሉ እንዲሁ አለፈባቸው። አንድ ቃል ተናግረው ቢሆን ክሱ ይቀር እንደነበር ያን ጊዜ አናውቅም። እኛ የበቅሎ ኪራያችንን ይዘን ተመለስን፤ ጫማው ሳይገዛ ቀረ። አያን መንገድ ላይ ስናያቸው ሰላምታ እናሳጥር ነበር፤ ግማሹ ኩርፊያ ነው፣ ግማሹ ኀፍረት።

ዘመኑም ፊቱን አዞረ። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ መጣና እንግዳው ቆመ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት መጣ። የመሪዎቹ ተራ መዝገብ ተራ የሚጠብቅበት ነገር አጣ። በተስፋ የተገዙት በቅሎዎች ገበያ ወጡ፤ ግራጫዋም ተሸጣለች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አንጽፍም።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አገር ቤት ስንገባ አያን መካነ ብርሃን ገበያ ላይ አገኘናቸው። ገብስ ለመሸጥ መጥተው ነው። ጢማቸው ነጥቷል። ሦስታችንም ከነቦርሳችን ሄደን ትከሻቸውን ሳምን። ጠላ ቤት ገብተን ስንቀመጥ የምንማረውን ጠየቁን። «ለመምህርነት ነው» አልን። ልምምድ ወጥተን እንደነበር፣ አንዱ ክፍል ውስጥ 65 ልጆች እንዳሉ ነገርናቸው።

«ስድሳ አምስት!» አሉ። «እኔ አምስት ሰው ስመራ ማታ ዓይኔ ይጠፋ ነበር።»

ይህን ጊዜ ያ ሰው፣ ያ በዚያ ቀን የተናገረው፣ ብድግ ብሎ «አያ፣ ያን ጊዜ አንቱን ‹ፈራህ› ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» አለ። እኛም ተከትለን ተነሣን። አያ እጃቸውን አወናጨፉ፤ «ተቀመጡ፤ ጠላው ይደፋል» አሉ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለመሆኑ ያን ቀን በምን የተመለስን ይመስላችኋል?» አሉን።

«በደመናው» አልን ባንድ ድምፅ።

«ደመናውማ ሰበብ ነው። ያን የመሰለ ደመና ስንቴ አልፌዋለሁ።» ጣሳቸውን አስቀመጡ። «ቀይ ኮፍያዋን አላያችኋትም? ከመሸሃ ጀምሮ እግሯን ስታነሣ መሬቱ ከሚጠብቃት ቦታ አታሳርፈውም። እራት አልበላችም። መሥመሩን አልያዘችም። ጫማዋን ሁለቴ ስታስር ሁለቴም አልቻለችም። አንጎሏን እየነካት ነበር።»

ነገሩን በኋላ በትምህርት አግኝተነዋል፤ የከፍታ ሕመም ይባላል። በዚያ ቁመት ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ራስ ምታትና ማስመለስ ብቻ ቢሆን ዐርፎ ማየት ይቻላል፤ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ግን ሰው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓታት ነው። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ቀጥ ባለ መሥመር ማስኬድ ሐኪሞችም የሚመረምሩበት መንገድ ነው። ዋናው መድኃኒቱም ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው። እኛ ግን ለፈረንጅ መሳቂያ የተፈጠረ ወግ ነው ብለን ተጠቃቅሰን ነበር።

«ታዲያ አያ፣ ለምን ለሰውዬው እውነቱን አልነገሩትም? ክሱም በቀረ፣ ተራውም ባልታለፈ» አልን።

«ባምስት ሰው ፊት ‹በዚች ልጅ ምክንያት ቀረንባችሁ› ልበላቸው? ሳምንት ሙሉ አብረው ሊሄዱ? ያ ሰው ለኔ ያሳየውን ፊት ለሷ ሊያሳያት?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደመና ስድብ አይሰማ፤ ደመናው ይሸከመው አልኩ። ረጅሙ ሰውዬ ገብቶታል። ዝም አለልኝ።»

«በቅሏችንን ግን ለግማ አሏት» አለ አንዳችን።

«እሷን ይቅር በይኝ ብያታለሁ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር የሚመስለው።

ገበያው ሊፈታ ነው። አያ ስልቻቸውን አጣጥፈው ተነሡ። እስከ መንገዱ ሸኘናቸው። ሊሄዱ ሲሉ፣ አንድ ነገር ሳንጠይቅ መቅረታችን ትዝ አለንና «አያ፣ ልጅቷስ ኋላ ምን ሆነች?» አልናቸው።

«ምን ትሆናለች» አሉ፣ «ወረደቻ!»